የሐራራ ሥሩ የት ነው?

በመኝታ ቤታችን ጫት የለመደ ጓደኛ ‹‹ላቆም ነው›› ባለ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ‹‹ቁረጥ፤ ወንድ ሁን፤ ጸሎት አድርግ›› ይባላል። እርሱም ይቈርጣል። ሦስት ቀን ይቈያል፤ ሳምንትም ይቈያል፤ የፈተናው ፕሮግራም በተለጠፈ ማግሥት ግን ከበርጫው ጥግ ተቀምጦ ይገኛል። ያን ጊዜ መካሪዎቹ ‹‹ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ›› ብለው ተርተውበት ያልፋሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልማዱ ከየት እንደ መጣ አይናገርም።

ስለ ቅጠሉስ ብዙ ታውቋል። ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ተለይቷል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ የዚህ ንጥረ ነገር ኀይል ስለሚቀንስም ነው ቃሚ ሁሉ ትኩሱን የሚሻማው። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርት፣ ድብርቱን ለማባረር የሚከተለው ጨብሲ፣ በማግሥቱ የሚያንሰፈስፈው ሐራራ፣ ይህ ሁሉ የምናውቀው ነው። (እነዚህን ቃላት ማንም መምህር ሳያስተምረን እንዲህ ጠንቅቀን ማወቃችን ያስገርማል።) እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቅጠሉ በፊት ያለው ነው። በአንድ መኝታ ቤት አንድ ዓይነት ጫት ከቀመሱት ስድስት ልጆች መካከል አንዱ ብቻ ተይዞ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ያሳደረብኝ አብሮኝ የሚኖር ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ይህን ጽሑፍ ግን አንብቦ ፈቅዷል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወደ አንድ የሥነ ልቡና ሐኪም ይመላለሳል፤ ሕክምናውም ስኪማ ቴራፒ ይባላል።

የዚህ ሕክምና አባት ጄፍሪ ያንግ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ያንግ ከአሮን ቤክ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ ቤክም ሰው የተጣመመ አስተሳሰቡን ራሱ መርምሮ እንዲያቀናው በማድረግ ድብርትንና ጭንቀትን የማከም ዘዴ ያቆመ ሐኪም ነበር። ያንግ እንዳስተዋለው ግን ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ይህ አይበቃውም፤ አሳቡ ስሕተት መሆኑን አእምሮው ቢቀበልም ልቡ እንቢ ይላል። ስለዚህ በ1990 (እ.ኤ.አ.) አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በ2003ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሰፋ አድርጎ ጻፈ፤ በዚያም በልጅነት የሚበቅሉ 18 ስኪማዎች ተዘርዝረዋል።

ስኪማ ምንድን ነው? በክረምት ጎርፍ የቀደደውን ቦይ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ጎርፉ አንድ ጊዜ መሬቱን ከቀደደው በኋላ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘንበው ካፊያ እንኳ በዚያው ይወርዳል። ልጅ ፍቅርን፣ ጥበቃን ወይም መደመጥን ባጣበት ስፍራ እንዲህ ያለ ቦይ ይቀደዳል፤ ሰውየው ካደገ በኋላ የሚደርስበት ትንሽ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይፈስሳል። ያንግ እንደሚለው ሰው ለስኪማው የሚመልሰው በሦስት መንገድ ነው፤ ወይ ይገዛለታል፣ ወይ ይሸሸዋል፣ ወይም ተቃራኒውን ሆኖ ለመታየት ይታገላል። መጠጥና ጫት በአብዛኛው ከመሸሹ ወገን ናቸው።

18ቱን አልዘረዝርም። በዚህ ግቢ ግን አንዷን በየመኝታ ቤቱ ታገኟታላችሁ፤ እርሷም ‹‹ምንም ብሠራ አይበቃም›› የምትለዋ ናት። ወዳጄ በትምህርት ቤቱ አንደኛ እየወጣ ያደገ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። አባቱ ካርዱን አይተው ‹‹አንደኛ የወጣው ሁለት ራስ አለው ወይ?›› አሉና መልሰው ሰጡት፤ ራት ላይም ሳያናግሩት አመሹ። ዱላ አልነበረም፤ ስድብም አልነበረም። ከዚያ ልጁ ሁሉም አንደኛ ሲወጡ ወደ መጡበት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመጀመሪያው የፈተና ወረቀት ሲመለስ ያች ራት ተመልሳ መጣች። በርጫው ላይ ግን አትሰማም ነበር። ‹‹ለማጥናት ነው የምቅመው›› ሲለን አምነነዋል፤ እርሱም አምኖታል።

አሁን ሐኪሙ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ዐይኑን አስጨፍኖ ወደዚያች የራት ሰዓት ይወስደዋል። ‹‹ልጁ የት ተቀምጧል? ምን ይፈልጋል?›› ይለዋል። በመጀመሪያ ሐኪሙ ራሱ በአሳብ ወደ ቤቱ ገብቶ ለልጁ ይናገርለታል፤ እየቈየ ግን ያደገው ሰውዬ፣ ማለትም ወዳጄ ራሱ፣ ገብቶ እንዲናገር ያደርገዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወንበሮች ተቀምጠው በአንደኛው ወቃሹ ድምፅ፣ በሌላው ልጁ ይናገራል።

ይህን ስሰማ አልወደድሁትም። አባትን ማክበር ከእናት ጡት ጋር በምንጠባበት አገር፣ ከፍሎ አባትን መክሰስ ምን የሚሉት ሕክምና ነው ብዬ ተከራከርሁት። እርሱ ግን የመለሰልኝ በክርክር አይደለም። በአባቱ ወንበር በተቀመጠበት ቀን ከአፉ የወጣው ቍጣ ሳይሆን ፍርሃት እንደ ነበረ ነገረኝ። አባቱ ከአራተኛ ክፍል ወጥተው ከብት ጠባቂ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውም ያው እንዳይደርስበት ይፈሩ ነበር። ‹‹አባቴን ዐሥር ዓመት ፈርቻቸዋለሁ፤ ያዘንሁላቸው ግን ያን ዕለት ነው›› አለኝ። እኔም ዝም አልሁ።

ሕክምናው ለሁሉ መድኀኒት ነው ማለቴ አይደለም። በሆላንድ ተካሂዶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ቦርደርላይን የተባለ የስብእና ሕመም ባለባቸው 86 ሰዎች ላይ ከሌላ የሥነ ልቡና ሕክምና ጋር ተወዳድሮ ብልጫ አሳይቷል፤ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ዓመት ነው። ለእኛ ይህ የአንድ ዲግሪ አብዛኛው ዘመን ማለት ነው! ለሱሰኞች በተለይ ተዘጋጅቶ በአሜሪካ በ105 ሰዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ፣ በ2011 እንደ ታተመው፣ ስለ ሱሱ ብቻ ከሚያማክረው ከተራው ዘዴ አልበለጠም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ምልክቶች ተራው ዘዴ የተሻለ ጸንቷል። ከዚህ የተነሣ ቅጠሉን ትቶ ልጅነትን ብቻ መቈፈር ከንቱ ይመስለኛል። የወዳጄ ሐኪምም በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡና ከበርጫው ቤት ስለ መራቁ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት ቃመ። አራት ወር ቈጥሮ ነበርና እኛ ‹‹አለቀለት›› አልን። ሐኪሙ ግን ‹‹ለምን ቃምህ?›› አላለውም፤ ‹‹ከመቃምህ በፊት ምን ሰማህ?›› አለው። ለካ በዚያ ጧት አባቱ በስልክ ‹‹ውጤት እንዴት ነው?›› ብለውት ኖሯል። ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከኪሱ የማትለይ ትንሽ ካርድ አለችው። ሐራራው ሲመጣ ያነብባታል። እንድገለብጣት ፈቅዶልኛል፤ በራሱ እጅ የጻፋት እንዲህ ትላለች፦ ‹‹አሁን የሰማኸው የዚያች ራት ዝምታ ነው። አባባ እዚህ የሉም። ፈተናው ሐሙስ ነው። ተነሣና ራትህን ብላ።››