ጠመንጃው በኩላብ፣ ቁልፉ በመቀነት

እኔ ባደግሁበት የጎጃም ገጠር ጠመንጃ እንደ ሞፈርና ቀንበር ከቤት ዕቃ የሚቆጠር ነበር። አባወራው ገበያ ሲወጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሽምግልና ሲቀመጥ ከትከሻው አይለየውም። ሙሽራ ሲታጀብም ሆነ ሌባ ሲታደን ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። እንዲህ በየቤቱ ተሰቅሎ እያለ በልጅ እጅ ባረቀ ሲባል የምንሰማው ግን ከስንት አንዴ ነበር። ሲሰማም የአንድ ቤት ሐዘን ሆኖ አይቀርም፤ አገሩ በሙሉ ልጆቹን ሰብስቦ ይመክርበታል። የዚያን ጊዜ ልጆች ከዛሬዎቹ ይልቅ ጨዋ የነበርን አይመስለኝም። የሚያስተምረን ሰው ነበረን።

አያታችንን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ እንላቸው ነበር። የአባባ ምንሽር ከመደቡ በላይ፣ ልጅ ተንጠራርቶ ከማይደርስበት ኩላብ ላይ ይሰቀላል። ዝናራቸው ጓዳ ባለው የእንጨት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ የሚታሰረው ከእማማ መቀነት ጫፍ ነው። ማታ ከርከሮ ከበቆሎው ገባ ሲባል አባባ ጠመንጃቸውን ያወርዱና ወደ ጓዳ ይዞራሉ።

«እሜቴ፣ ቁልፉን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ከርከሮ ገብቷል።»

መቀነቱ የሚፈታው ከዚህ መልስ በኋላ ነው። ከርከሮ መግባቱን እማማም ሰምተዋል፤ ጥያቄው ግን አይቀርም። አባባ ከድግስ ሞቅ ብሏቸው ከመጡ፣ ወይም ከሰው ተጣልተው ከገቡ፣ ቁልፉ እስኪነጋ አይገኝም። እኛ ልጆች ምድጃ ዳር ተቀምጠን ይህን እያየን አደግን። አገር የሚያከብረው ሰው እንኳ በገዛ ጠመንጃው ላይ ብቻውን እንደማያዝ ማንም ሳይነግረን ገባን።

የእጅ ትምህርቱ የሚጀምረው ከመወልወል ነበር። አባባ ደጃፍ ላይ ቁርበት ያነጥፉና ጠመንጃውን አፈሙዙን ሰው ወደማይመጣበት ወደ ጓሮ አዙረው ያስተኙታል። ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስበው ውስጡን በዓይናቸው ያያሉ። ቀጥለው ትንሿን ጣታቸውን ጥይት ከሚጎርስበት ቀዳዳ ውስጥ ይከታሉ፤ ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው ያስገባሉ። «ዓይን ይሳሳታል፤ ጣት አይሳሳትም» ይሉኛል። ዘይት የነካ ጨርቅ በገመድ ስበን በአፈሙዙ ስናሳልፍ እንኳ ከፊቱ መቆም ክልክል ነው። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ በዚያ በኩል ሊያልፍ ሲል በቁጣ መለሱት። «አባባ፣ ባዶ ነው እኮ! አሁን አላየነውም?» አልኳቸው። «ካየነው በኋላ ዓይናችንን አላነሣንም?» አሉና ማቀባበያውን እንደገና ስበው ጣቴን መልሰው አስገቡት።

ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል የሚለውን ተረት ሰው የሚጠቅሰው ለቀልድ ነው። አባባ ግን ከምር ይይዙት ነበር፤ ያዡም ሆነ የተያዘበት፣ ሁለቱም ሊፈሩት ይገባል ይላሉ። ጣት ኢላማ እስኪያዝ ድረስ ምላጭ አይነካም። ከኢላማው ጀርባ ያለውን ሳያውቁ፣ ቁጥቋጦ ተንቀሳቀሰ ብሎ አይተኮስም። ለሰው ሲያቀብሉ ማቀባበያውን ከፍተው፣ ሰደፉን አስቀድመው ነው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ጠመንጃውን ተቀብሎ ይሰቅላል፤ ጠላና አረቄው የሚቀርበው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔም ጥይት የተሰጠኝ ያለጥይት ማነጣጠር ከተለማመድሁ፣ አፌን ሞልቼ ሕጉን መናገር ከቻልሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የተሰጠኝም አንዲት ፍሬ ነበረች።

ለዚህ ትዕግሥት መሣሪያውም ያግዝ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብዛት የገባው ውጅግራ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተኩስ ነው። ያን ጊዜ ጥይት ራሱ በብዙ አካባቢ እንደ ገንዘብ ይዞር ነበር፤ የገበያ ዋጋ ያለውን ነገር ማንም በከንቱ አይበትነውም። ከዚያ በኋላ የመጡት ምንሽርና ቤልጂግም አምስት ጥይት ቢይዙም ለእያንዳንዷ ተኩስ ማቀባበል ይጠይቃሉ። በሁለት ተኩስ መካከል ለማሰብ ፋታ አለ።

የጥንቱ ትምህርት ሁሉ በጎ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። አፈሙዝ ወደ ሰው እንዳይዞር ያስተማረን ያው ቤት፣ ደም ያልመለሰ ወንድ እንዳልሆነም በፉከራና በቀረርቶ አስተምሮናል። በጥንቃቄ የተወለወለ ስንት ጠመንጃ በጥንቃቄ ታልሞ የጎረቤት ልጅ ገድሏል። ሴቶች ልጆችም ከቁርበቱ ዳር አይቀመጡም ነበር። ቁልፉን ለምትይዘው እናት ጠመንጃው መጉረስ አለመጉረሱን የሚያሳያት አልነበረም። ከትናንት የምንወስደውን ስንመርጥ እነዚህን ሁለቱን እዚያው መተው አለብን።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽ በየገበያውና በየመንደሩ ገባ። ክላሽ በአንድ ካርታ 30 ጥይት ይይዛል፤ ማብሪያውን ወደ መካከል ላደረገ ሰው ምላጩ እስካልተለቀቀ ድረስ ይዘንባል። ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ካርታው ተነቅሎም አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቆይ መቻሉ ነው። ካርታውን ያወለቀ ሰው ባዶ አደረግሁት ብሎ ያምናል። አስቀድሞ ካርታውን ነቅሎ፣ ቀጥሎ ማቀባበያውን ስቦ፣ ውስጡን አይቶ በጣቱ ያልዳሰሰ ሰው ግን ባዶ ነው ሊል አይችልም። ቅደም ተከተሉን አዛብቶ መጀመሪያ ቢያቀባብል፣ ካርታው ሌላ ጥይት ያጎርስበታል። መሣሪያው ከምንሽር ይልቅ ማስተማርን በሚጠይቅበት ዘመን ማስተማሩ ቀረ።

በቅርቡ አገር ቤት ሠርግ ተጠርቼ ነበር። አንድ አባት ክላሹን ከስምንት ዓመት በማይበልጥ ልጁ አንገት ላይ አንጠልጥሎ በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል፤ አፈሙዙ ከድንኳኑ በር ወደሚገቡት ሴቶች ዞሯል። ልጁን ጠጋ ብዬ «ይሄ ምን ይባላል የኔ ጌታ?» አልኩት። ስሙን፣ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ፣ ስንት እንደሚጎርስ አንድ በአንድ ነገረኝ። «ባዶ መሆኑንስ በምን አወቅህ?» አልኩት። «አባዬ ባዶ ነው ብሎኛል» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ያ አባት ሙሽራው ሲገባ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው ክላሹን ይዞ ወደ ሰማይ አርከፈከፈው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ በጎረቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ሥር የተኛ ልጅ መኖር አለመኖሩን ግን ማንም አልጠየቀም።

ዛሬ ልጆች ሊማሩት የሚገባ፣ እነ አባባ ያላወቁት ነገርም ተጨምሯል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች በማሳና በግጦሽ ቀርተው እረኛ ልጆችን ገድለዋል፣ አካል አጉድለዋል። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ያልበረደው ግጭትም የራሱን እየጣለ ነው። ለነዚህ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት አጭር ነው፦ የማታውቀውን ብረት አትንካ፣ ድንጋይ አትወርውርበት፣ በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ለታላቅ ንገር። ይህን ከሀሁ እኩል ማወቅ አለባቸው።

አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቼ ልጃቸው ጓደኛው ቤት ሊጫወት ሲሄድ «ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?» ብለው መጠየቅ ተምረዋል። መጀመሪያ ነውር መስሏቸው ይሽኮረመሙ ነበር። የዚያ አገር የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ምክር ከሁሉ የሚሻለው ልጅ ባለበት ቤት መሣሪያ አለመኖሩ ነው፤ ካለ ደግሞ ጥይቱ ወጥቶ ይቆለፍ፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ ይላል። ምክንያቱም አለው፦ አትንካ የተባለ ልጅም ሰው ሲጠፋ ይነካል። ምክር ብቻውን ቁልፍን አይተካም። ቁልፍ ብቻውንም ሌላ ቤት ሄዶ ጠመንጃ የሚያገኘውን ልጅ አያድነውም።

በኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ጠመንጃ መያዝ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች መኖራቸውን ተቀብሎ ምዝገባና ፈቃድ ደንግጓል። ተገቢ ነው። መዝገቡ ግን ጠመንጃው የማን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ማታ የት እንደሚያድር አይነግረንም።

የኔ ዘመን ወላጆች ልጅ ጠፋ፣ የዛሬ ልጅ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለውም እያልን እናማርራለን። ልጁ ግን ያየውን ነው የያዘው፤ አባቱ ሲያርከፈክፍ አይቷል፣ አባቱ ባዶ ነው ሲል ሰምቷል። በስልክ ጨዋታው ደግሞ ተመትቶ የወደቀው ከደቂቃ በኋላ ተነሥቶ ይሮጣል። ከነዚህ የተለየ ነገር ከማን ይስማ? ጠመንጃ ያለው ቤት ዛሬ ማታ ጥይቱን ከጠመንጃው ይለይ፤ ቁልፉን ባልና ሚስት ይካፈሉት። ወንዱ ልጅም ሴቷ ልጅም አጠገብ ተቀምጠው ባዶ መሆኑ እንዴት እንደሚረጋገጥ ይዩ፤ ትልቅ ሰው ሳይኖር አይንኩት። ሠርግ በእልልታና በከበሮ ይድመቅ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሌላ አዋጅ አያስፈልግም፤ በልጅ ፊት ራሱን የሚገዛ አባት ግን ያስፈልጋል።