ረጅሙ ዓምድ የማይናገረው

ሕፃን ፊደልን ሳይለይ ረጅሙን ከአጭሩ ይለያል፤ ስለዚህ ባር ግራፍን ማስተማር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዓይን ያየውን ልብ ካላስተዋለው፥ ማየት ብቻውን ማንበብ አይባልም።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለው ገጠር አንድ መምህር ሕፃናቱን፦ «በቤታችሁ ከሁሉ የበዛው እህል ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እያንዳንዱም የእህሉ ስም በተጻፈበት ላይ 1 የክብሪት ቀፎ ደረበ። በቆሎው 9፥ ዳጉሳው 5፥ ጤፉ 2 ሆነ።

ጤፍ ካሉት ልጆች አንዱ አንገቱን ደፍቶ፦ «እንግዲህ የኛ ቤት ድኻ ነው ማለት ነው?» አለ። ባልንጀራውም አዝኖለት ከጤፉ ሥር ድንጋይ አኖረ፤ ጤፍም ከዳጉሳ በላይ ታየ።

መምህሩ ድንጋዩን አንሥቶ፦ «ዓምዶች ሁሉ ከአንድ መሬት ካልተነሡ ቁመታቸው ሐሰት ይናገራል። አንተም ልጄ አትዘን፤ የቈጠርነው ቤቶችን ነው እንጂ ቁናውን አይደለም። የአባትህ ጐተራ ሙሉ ይሁን ጐደሎ፥ ይህ ዓምድ አያውቅም» አላቸው።

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 በአውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ንግድ በዓምድ ሲሥል፥ ያገኘው የ1 ዓመት ቍጥር ብቻ ስለ ነበረ፥ ሥዕሉ የዘመናትን ለውጥ እንደማያሳይ ራሱ ገልጧል።

ስለዚህ ሕፃንን «ማን ይረዝማል?» ማለት አይበቃም፤ «ምን ተቈጠረ? ከየት ተነሣ? ሳይቈጠር የቀረውስ ምንድር ነው?» ማለት ይገባል። ይህን የለመደ ልጅ ባደገ ጊዜ በቁመት አይታለልም።