የአርሲ ስንዴና የመጋዘኑ መደርደሪያ

ቀድሞ ናዝሬት ትባል ከነበረችው ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ፣ ዴራን አልፎ ኢተያ ሲደርስ የአየሩ ጠባይ ይለወጥበታል። ግራሩ እየሳሳ በምትኩ የስንዴው ማሳ ይዘረጋል፤ ከበስተግራም ቁመቱ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው የጭላሎ ተራራ ብቅ ይላል። አሰላ በዚያ ግርጌ ናት፤ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

ይህ አገር ከእርሻ መኪና ጋር የተዋወቀው ከብዙዎቹ የአገራችን ክፍሎች ቀድሞ ነው። በአጭር ስሙ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ ሥራ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ነበር። ትራክተሩ ግን ለሁሉም ሲሳይ ይዞ አልመጣም፤ በመኪና ማረስ የቀናቸው ባለርስቶች ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ብዙ ጭሰኞችን አፈናቅለዋል። ይህን ሳያነሡ ማለፍ ነገሩን በግማሽ መናገር ይሆናል።

በኅዳርና በታኅሣሥ መንገደኛው ዐይኑን የሚጥለው ከማሳ ወደ ማሳ በሚዘዋወረው ግዙፍ ኮምባይነር ላይ ነው። የእርሻውን ጤንነት ለማወቅ የሚሻ ግን መጋዘኑን ከፍቶ ይመልከት እላለሁ። አንዲት ቺንጋ ከተበጠሰች ያ ሁሉ ብረት ቆመ ማለት ነው። አሰላ ካልተገኘች ወደ አዳማ፣ እዚያም ከታጣች እስከ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ይላካል። የደረሰ ስንዴ መልእክተኛ አይጠብቅም፤ ያለጊዜው ዝናብ ከመታው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ የበቀለ ስንዴም ለደኅና ዳቦ አይሆንም።

ደኅና መጋዘን በብዛቱ አይታወቅም። ቺንጋው ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ከጨለማ ቦታ፣ በቀጭን ምስማር ሳይሆን በወፍራም እንጨት ላይ ይሰቀላል፤ ቁጥሩ በአገልግሎት ብዛት ስለሚጠፋ ገና በአዲስነቱ በመዝገብ ይጻፋል። ኩሽኔታው እስኪገጠም ድረስ ከመጠቅለያው አይወጣም። የብየዳ ኤሌክትሮድ የክረምቱ እርጥበት እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ይላል። ቡሎንና ዳዶው በየመጠኑ ይለያል፤ በአንድ ጣሳ የተደባለቀ ቡሎን የለም ከማለት አይሻልም። በአንዳንድ የትራክተር ማረሻ ላይ ደግሞ ድንጋይ ሲገጥመው እንዲሰበር ሆን ተብሎ የተሠራ ቡሎን አለ፤ እርሱ ተሰብሮ ማረሻውን ያድናል። መተኪያው ከመደርደሪያው ካለቀ ሠራተኛው ያገኘውን ጠንካራ ቡሎን ይከትበታል፤ በሚቀጥለው ድንጋይ የሚሰበረው ማረሻው ራሱ ይሆናል።

የዴፖ ሥራ ለሚያውቁ አንባብያን ይህ እንግዳ አይሆንም። ለበሬ አራሹም አይደለም፤ በጎጆው ጣሪያ ሥር የሚደርቅ ትርፍ ሞፈር፣ በጓዳው ማእዘን የተሰቀለ ምራንና ወገል አለው፤ ባልየው ማሳ ላይ ሳለ ምራኑ ቢበጠስ የት እንዳለ የምታውቀው ባለቤቱ ናት፤ ልጇን አስይዛ ትልካለች።