አውራ ዶሮውን ተዉት

አቦሉ እስኪወርድ ስለ እንቁላል እንጫወት። ስለሚቀቀለው ሳይሆን ስለሚፈለፈለው።

ድባጤ ላይ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ቤቱ ያስገባ ሰው ከሙቀቱ ጋር ብዙም አይጣላም። መብራት እስካልጠፋ ድረስ 37.5 ዲግሪ ላይ ያቆመዋል። የሚያጣላው ውሃው ነው። ጥር ላይ ያሰጣችሁት ነጠላ ቡና ጠጥታችሁ ሳትነሱ ይደርቃል፤ ሐምሌ ላይ ግን ገመዱ ላይ ሰንብቶም እርጥብ ነው። ሳጥኑም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ታዲያ በሁለቱም ወር እኩል ውሃ መጨመር ምን ይሉታል?

የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ቢመስልም በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ በኩል ውሃው እየተነነ ሲሄድ ድቡልቡሉ ጫፍ ላይ ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል። ጫጩቷ የመጀመሪያ ትንፋሿን የምትስበው ከዚያ ነው። እርጥበቱ ከበዛ ኪሱ ይጠባትና ታፍና ትቀራለች። ካነሰ ደግሞ የውስጡ ስስ ሽፋን ይደርቅና ላባዋ ላይ ይጣበቃል፣ መዞር ያቅታታል። እንቁላሉ ሲሰበር የሞተች ጫጩት ትገኛለች፤ ባለቤቱም «አውራ ዶሮው ነው» ይላል። ምስኪን! የእሱ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ጫጩቷስ ከየት ትመጣ ነበር?

ልኩ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 21ኛው ቀን ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግን ይዋሻል። እኔ የማምነው የወጥ ቤት ሚዛንን ነው። አስር እንቁላል ሲገባ 500 ግራም ከመዘነ፣ በ18ኛው ቀን 440 ገደማ መሆን አለበት። በመንገዱ ላይ ቶሎ ከቀለለባችሁ ውሃ ጨምሩ፤ አልቀንስ ካለ ውሃውን አውጡ። ሲጨምሩ ደግሞ ሰፊ ሳህን ነው የሚያስፈልገው፤ ውሃ የሚተነው ከላዩ ስለሆነ ጥልቅ ጣሳ ብዙ አይረዳም። ክረምት ላይ አንዳንዴ ያለ ውሃ መጀመርም ይቻላል።

እንቁላሉ ከደርዘን የማይበልጥ ከሆነስ? ታቃፊ ዶሮ ካለቻችሁ ለእሷ ስጧት። ሚዛንም መብራትም አትጠይቅም።

በሳጥን ከሆነ ግን በ18ኛው ቀን ማገላበጡን አቁሙ፣ ውሃውን ሙሉ፣ ክዳኑን ግጠሙ። አንዴ በከፈታችሁ ቁጥር እርጥበቱ ሁሉ ይወጣል። ጫጩት ከውስጥ ስትጮህ ሰምታችሁ እጃችሁን ከበላችሁ፣ በረካውን ቅዱና ጠጡ።