ከመስቀል እስከ መስቀል የሰማነውና ያየነው

በጉራጌ አገር ዓመት የሚቆጠረው ከመስቀል እስከ መስቀል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ቀን ቢውልም፣ የራቀ ዘመድ የሚሰበሰበውና “ዓመቱ እንዴት ነበር?” ተብሎ የሚጠየቀው በመስቀል ነው። የጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ በሚመጡ አውቶቡሶች ሲጨናነቅ፣ ወልቂጤ ያለን ሰዎችም ቤታችንን እያሰናዳን ያለፈውን እናሰላለን። ዘንድሮ እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ቤታችን በዓመቱ ውስጥ ስለሰማውና ስላየው ነገር ነው፤ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ስልኩ።

ዓመቱ ለእኛ ቤት የተለየ ነበር። የዛሬ ዓመት ከመስቀል በኋላ ታላቅ እህቴ ከቡታጅራ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ግላኮማ ሁለቱንም ዓይኖቿን ወስዶባታል። በኅዳር ደግሞ ልጄ ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ስለተመደበች የአራት ዓመት ልጇን እኔ ዘንድ አስቀመጠችው። እንዲህ ሆኖ አንዷ የማታይ፣ አንዱ የማይናገር፣ አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ አብረን ከረምን።

“የማይናገር” ስል ልጁ ሕመም የለበትም። ይሰማል፣ የሚባለው ይገባዋል። ግን ስልክ ይዞ ያደገ ልጅ ነው። ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፤ “ዛሬ ምን በላህ?” ሲሉት ግን በጣቱ ይጠቁማል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሕፃናት አይቻለሁ፤ ልጅ ቋንቋ የሚማረው መልስ ከሚሰጠው ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ስልክ ደግሞ ያወራል እንጂ አይሰማም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ የአንድ ዓመት ልጅ ምንም ስክሪን ባያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ይህን ለልጄ ስነግራት “እማዬ፣ ስልክ ካልያዘ እኮ አይበላም” አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ቀኑን ሙሉ ሠርታ ለምትገባ እናት ስልክ ሞግዚት ነው። ቢሆንም ልጁን ስረከብ ስልኩን ከምግብ ሰዓት አወጣሁት። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት በላ።

መፍትሔው የመጣው ግን ከእኔ አይደለም፤ ከእህቴ ነው። እኔ ማድቤት ስሆን ሁለቱ ሳሎን ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። እህቴ ድምፁን እየሰማች “ምን እየሆነ ነው?” ትላለች። ሌላ የሚመልስላት የለም።

“ውሻ” ይላል ልጁ።

“ምን ዓይነት ውሻ?”

“ጥቁር።”

“ምን ያደርጋል?”

“ይሮጣል።”

“ወዴት? ማን አባረረው?”

ቅቤ ነጋዴ አይደለች፣ በአንድ ቃል አትሸኝም። ልጁም ቀስ በቀስ ገባው፤ እሱ ካልነገራት እሷ አታይም። በስልኩ ፊት ዝም ብሎ የኖረ ልጅ፣ የሚፈልገው ሰው ሲያገኝ አፉ ተፈታ። እስከ ጥምቀት ድረስ ረጅም ረጅም ዓረፍተ ነገር ይናገር ነበር።

ከሁሉ የወደዱት የልጆች ዝግጅት “ፀሐይ መማር ትወዳለች” ነበር። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ያዘጋጀችው፣ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ አሻንጉሊት ያለችበት ነው። የወላጆቹ ትውልድ ቲቪ ላይ ያየውን ልጁ ዛሬ በስልክ ያየዋል። እጅ መታጠብንና ጤናን በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ቤት ለዛ ስለሚያስተምር እኔ እንደ ጤና ባለሙያ እወደዋለሁ። እህቴ የወደደችበት ምክንያት ሌላ ነው፤ አማርኛ ስለሆነ ግማሹን ራሷ ትሰማለች፣ ግማሹን ልጁ ይሞላላታል።

ጠዋት ጠዋት የእህቴ ተራ ነው። ከወልቂጤ በጉራጊኛ የሚተላለፈውን ሬዲዮ ትከፍታለች። እኛ የመስቃን ልጆች ነን፤ የሰባት ቤት ሰው ሲናገር አንዳንዱ ቃል ያመልጠናል። እህቴ ያመለጣትን ቃል ይዛ ለጎረቤት ታቀርባለች፣ ጎረቤቷም የራሷን ትነግራታለች፣ በዚያው ቡና ይፈላል። ከቡታጅራ ስትመጣ ጎረቤት የሌላት መስሏት ነበር። ጎረቤት ያፈራችው በቃል ክርክር ነው።

በበጋው ምሽቶች ደግሞ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሰማን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ የእኔ ዕድሜ ሰው አይረሳውም። እህቴ በወጣትነቷ የሰማችው የጎረቤት ሬዲዮ ከብበው ነው። አሁን በስልክ ይገኛል። ስንሰማው አንድ ነገር ገረመኝ፤ ማየት የሚችልና የማይችል ሰው እኩል የሚሆኑበት ሰዓት ነው። ሁላችንም የምናየው በልባችን ነው። የደሃው ልጅ በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ሲለያዩ እህቴ እንደ ዱሮው አለቀሰች፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ደግሞ “እውነቱን ነው!” እያለች ክርክር ትገባለች። ልጁ ታሪኩ ባይገባውም “ማን ነው የተቆጣው?” እያለ ይጠይቃል።

በጥር ማሕሙድ አሕመድ በ83 ዓመቱ በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ተሰናበተ። ከጉራጌ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ሊስትሮ ሆኖ የጀመረ፣ በኋላ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነ ሰው ነው። የስንብቱን ምሽት ቅጂ በስልክ ከፍተን ሰማን። እህቴ “ዐረጀ?” ብላ ልጁን ጠየቀችው። “አዎ፤ ግን ይስቃል” አላት። ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትከሻቸውን ሰበቁ። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ እህቴ ስትጨፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ የቆየ ነገር አስታወሰኝ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. “የቀን ቅኝት” የሚባል የሬዲዮ ድራማ ነበር፤ 257 ክፍል ያለው፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ የሚያስተምር። ጤና ጣቢያ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች እኔ ስጠይቃቸው የማይነግሩኝን፣ ስለ ድራማው ሰዎች ሲሆን አግዳሚ ወንበር ላይ እያወሩ ይጨርሱት ነበር። ሬዲዮው ወሬውን ጀመረው፤ ሥራውን የሠራው ግን ወሬው ነው። እኔ ያን ጊዜም ዛሬም ጥሩ ዝግጅት የምለው ከተዘጋ በኋላ ቤት ውስጥ ወሬ የሚያስቀረውን ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጄ መጥታ ልጇን ወሰደችው፤ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። መኪናው ሲሄድ እህቴ በር ላይ ቆማ ቀረች። ለሁለት ሳምንት ቴሌቪዥኑን አላስከፈተችም፤ “ማን ሊነግረኝ?” አለችኝ። እኔ እነግርሻለሁ ብላት፣ “አንቺ የምትነግሪኝ እንደ ካርድ ነው፤ ምልክት፣ ምርመራ፣ ውጤት” ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ነርስ የምትጽፈው እንደዚያ ነው።

አሁን ማታ ማታ ልጁ ይደውላል። ቀን ያየውን ይተርክላታል። አንዳንድ ቀን እንቅልፉ ይመጣና በሁለት ቃል ይዘጋባታል። እሷ ግን ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ከጎኗ አትለይም።

አንባቢዎቼ፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛው የሙያዬ ነው። ግላኮማ ብዙ ጊዜ ሳያምም ቀስ እያለ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ ቀድሞ ከታወቀ ግን የቀረውን በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። በቤተሰብ ስለሚሄድ፣ እናት አባቱ ወይም እህት ወንድሙ ያለበት ሰው ምንም ባይሰማው እንኳ ይመርመር። እኔም በየዓመቱ እመረመራለሁ። ቡታጅራና አካባቢዋ ላላችሁ የግራርቤት የዓይን ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው።

ሁለተኛው የአያትነቴ ነው። በዚህ መስቀል ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ አትንጠቋቸው። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና “ምን እየሆነ ነው?” በሏቸው። በአንድ ቃል ሲመልሱላችሁ ደግሞ እንደ ቅቤ ነጋዴ ተከራከሩ።