ቢጫዋ «ሰ»

ስለ ሎጎ የምጽፍላችሁ ባለሙያ ነኝ ብዬ አይደለም፤ አንዲት ፊደል ስላዋረደችኝ ነው።

የዲፓርትመንታችን ቀን ሲቃረብ፣ ለጥሪ ወረቀቱ የከተማችንን ስም «መካነ ሰላም» በቀለማት አሳምሬ እንድሠራ ተነገረኝ። ኢንክስኬፕን ከፈትኩ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኝ የቬክተር ፕሮግራም ነው። ቬክተር ሥዕሉን በመስመርና በኩርባ ስሌት ስለሚይዝ፣ ለትንሽ ወረቀት የተሠራው ለባነር ቢለጠጥም ጠርዙ አይሻክርም።

ስሙን በኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ጻፍኩና ወደ «ፓዝ» ቀየርኩት። እንዲህ ካልተደረገ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ መልኩ ይለወጣል። ጉዳት ግን አለው፤ ፊደሉ ከዚያ ወዲያ ቅርጽ ብቻ ስለሚሆን ስህተት ቢገኝ በኪቦርድ አይታረምም።

ከዚያ ነጥቦቹን መጎተት ጀመርኩ። እግሮቹ ሁሉ እኩል መስመር ላይ ይረፉ ብዬ የ«ላ»ን አጭር እግር አስረዘምኩ። ጓደኛዬ አየና፣ «ይሄ እኮ ‹ሰለም› ነው የሚለው!» አለኝ። እውነቱን ነው። «ላ»ን ከ«ለ» የሚለየው ያ የእግር መበላለጥ ነው። እኔ አለመመጣጠን ያልኩት ለካ ድምፁ ራሱ ኖሯል። መለስኩት።

ቀለም ላይ ግን ማንንም አልሰማሁም። ለስድስት ፊደል ስድስት ቀለም! «ሰ» የደረሳት ደማቅ ቢጫ ነበር። ስክሪን ላይ አደይ አበባ መሰለች።

በጀታችን ግን ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር። ማሽኑ ቢጫውን ከነጩ ወረቀት ሳይለየው ቀረ። በማግስቱ ወረቀቱ «መካነ ላም» እያለ ተለጥፎ አገኘሁት። ካፌ ስገባ ልጆቹ «እምቧ!» ይሉኝ ጀመር። እሱንስ ስቄ አለፍኩት። ከተጋበዙት ሽማግሌዎች አንዱ ግን ወረቀቱን ትክ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ሰላምን ስማችን ላይ እንኳ ተዉልን» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ያን ቀን ማታ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሉኝ። ጸሐፊዎቹ ጽሑፉን በጥቁር ጽፈው፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ያስቀምጡታል። ቀለሙ ሥራ አለው፤ ለጌጥ ብቻ አልገባም።

ሎጎውን እንደገና ጀመርኩ። በመጀመሪያ ሁሉንም ጥቁር አድርጌ፣ አሳንሼ፣ ፎቶ ኮፒ አንስቼ አየሁት። ሲነበብ ብቻ ወደ ቀለም ሄድኩ፤ «መካነ» ጥቁር፣ «ሰላም» ጠቆር ያለ ቀይ። ሁለት ቀለም በቃኝ።

እናንተም ሎጎ ስትሠሩ ቀለሙን መጨረሻ ላይ አምጡት። በጥቁር ያልተነበበ ፊደል በቀለም አይድንም።

ቢጫዋስ? አልጣልኳትም። ከፊደሎቹ ሥር ትናንሽ አበቦች አደረግኳት። አሁን ማሽኑ ቢውጣትም ሰላም አይጠፋም።