ርዝመቱ ስንት ነው?

ቅዳሜ ረፋድ፣ መርካቶ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ አንዋር መስጊድ ሳቀና ዝናብ ያዘኝና አንድ የሬሳ ሳጥን መሸጫ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ርዝመቱ ስንት ነው ወንድሜ?» አለኝ። የእድር ሰው መስዬው ነው። ለመጠለል መሆኑን ስነግረው ሳቀና ዱካ አቀረበልኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለውም የሳጥን ሠሪ ልጅ ታሪክ ነው። ካናዳዊቷ ዴቦራ ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመችው «ዘ ሄቨን ሾፕ»፤ «የገነት ሱቅ» ብንለው ያስኬዳል። ቢንቲ የማላዊ ልጅ ናት። ብላንታየር ውስጥ በሬዲዮ ድራማ ትተውናለች፤ አባቷ የሬሳ ሳጥን ይሠራል። አባትየውን ኤድስ ሲወስደው ልጆቹ ለዘመድ ይከፋፈላሉ። ሳነበው ሳጥኑን የሞት ምልክት ነው ብዬ አስምሬበት ነበር።

እዚህ ግን የባለሱቁ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀይ ከፋይ በለበሰ ክዳን ላይ ደብተሯን ዘርግታ ማባዛት ትሠራለች። ለእሷ ጠረጴዛ ነው፤ ምሳዋም ከዚያው ነው የሚወጣው። ቢንቲም ብትሆን በሳጥኑ ውስጥ የምታየው አባቷን ይመስለኛል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ማንም ደፍሮ የማይጠራው የበሽታው ስም።

ያንን ዝምታ እኛም ኖረንበታል። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ሰው የሚሞተው በ«ሳንባ» ነበር፣ ወይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ባደረበት ሕመም ሲታከም ቆይቶ» ይባልና ይታለፋል። ልጆቹ ግን ጎረቤት ውሃ ሲጠይቁ ብርጭቆው ለብቻው መቀመጡን ያያሉ። ልብ ወለድ ብጽፍ ምልክቴ ያ ብርጭቆ ይሆን ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የተሰኘው የሬዲዮ ድራማ በ257 ክፍል ሲተላለፍ ስለ ኤችአይቪ ጮክ ብሎ የተወራው በሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ሲናገረው ሐሜት አይሆንማ።

ገበያ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ እዚህ ነውር ሆነብኝ። ባለሱቁ ራሱ አመጣው። «ድሮ የሚበዛው የወጣት ነበር» አለ። «በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግን የሽማግሌ እየሆነ መጣ። ተመስገን።»

ልጅቷ መጽሐፉን አይታ፣ «ስለምንድን ነው ጋሼ?» አለችኝ።

«አባቷ ሳጥን ስለሚሠራ ልጅ። እሷ ሬዲዮ ላይ ትሠራለች።»

እርሳሷን ነክሳ አሰበች። «ታዲያ ክዳኑን ማን ያለብስለታል?»